የድሮ ስኖውሞቢል ሕመሙ ጎማው ላይ ነው

ሰው የድሮ ስኖውሞቢል ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ ዝገቱን ያያል። ከዚያ የማስነሻ ገመዱን ይስባል። ሞተሩ ከተነሣና ትንሽ ጭስ አውጥቶ ከጮኸ ልቡ ይሸፍታል፤ ወዲያው ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። እኔ መጀመሪያ የምነካው ጎማውን ነው፤ ከላስቲክ የተሠራውን ክፍል ሁሉ ማለቴ ነው። የነዳጅ ቱቦውን አጠፍ አድርጌ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ አያለሁ። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። ከዚያ ባትሪ ይዤ ከሥር እገባና የትራኩን (ከሥር እየዞረ መሣሪያውን የሚገፋውን ሰፊ የጎማ ቀበቶ) የውስጥ ጠርዝ ዙሪያውን አየዋለሁ። ብረት ዝገቱን ፊቱ ላይ ያወጣል፤ አይደብቅም። ጎማ ግን ውስጥ ለውስጥ ይደርቃል። ሰው የሚነቃው በረዶ መሃል ከቀረ በኋላ ነው።

መቼም ብዙ አንባቢ ይህን ነገር በአካል አላየውም ይሆናል። ስኖውሞቢል ከፊት በሁለት ስኪ የሚታጠፍ፣ ከኋላ በአንድ ሰፊ የጎማ ትራክ የሚገፋ የበረዶ ተሽከርካሪ ነው። እንደ ሞተር ሳይክል ይቀመጡበታል፤ መሪውም በእጅ ነው። "የድሮ" የምለው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩትን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) እኔ በምኖርበት በአሜሪካ፣ በሰሜን ሚኒሶታ ገጠር፣ በየእርሻው መጋዘን ጥግ አቧራ የለበሰ አንድ ሁለት አይጠፋም። የእኔዋ ቢጫ ስኪዱ ናት፤ ስኪዱ የምርቱ ስም ነው፣ ሞዴሏ ኦሊምፒክ። የ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ስትሆን ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት የሮታክስ ሞተር አላት። ከእሷ ሌላ የጎረቤትም የወዳጅም እየመጣ ጋራዤ ክረምት ከበጋ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ ራሱ የጎማ ታሪክ ነው። ስኪዱን የሠራው ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲየር በ1907 በካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ቫልኩር ተወለደ። በ15 ዓመቱ ከአሮጌ ፎርድ ሞተርና ከፕሮፔለር በበረዶ ላይ የሚሄድ ነገር ሠራ። አድጎም የራሱን ጋራዥ ከፈተ። በዚያ ዘመን የኩቤክ ገጠር መንገድ ክረምቱን አይጠረግም ነበር። መኪና ያለው መኪናውን አቁሞ በፈረስ ስሌድ፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ፣ ይሄዳል። በ1934 ክረምት የቦምባርዲየር ትንሽ ልጅ ኢቮን ትርፍ አንጀት ታመመ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበርና ልጁን ሆስፒታል ማድረስ አልተቻለም። ሞተ። ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሥራውን በሌላ ዓይን ያዘው። በዓመቱ ገደማ ቁልፉን አገኘ፤ በጎማ የተሸፈነ ጥርሳም መንኮራኩርና እሱ የሚያሽከረክረው የጎማ ትራክ። የፈጠራ መብቱን በ1937 አስመዘገበ። ሰባት ሰው የሚይዘው ቢ7 ተሠራ፤ ቀጥሎ አሥራ ሁለት የሚይዘው ቢ12 መጣ። እነዚህ ሐኪም፣ ፖስታና ተማሪ ያመላልሱ ነበር። ለአንድና ለሁለት ሰው የሚሆነው ትንሹ ስኪዱ የወጣው በ1959 ነው። እሱንም ያስቻለው ጎማ ነው። ሌላው ልጁ ዤርማን መጋጠሚያ የሌለው፣ ወጥ የጎማ ትራክ መሥራት ችሎ ነበር። ትራኩ ባይቀል መሣሪያውም አይቀልም። ቦምባርዲየር በ1964 ሲሞት የስኪዱን ሙሉ ዘመን አላየም። እኔ ግን ትራክ በፈታሁ ቁጥር እሱንና ያን ሕፃን አስባለሁ። ይህ ጥቁር ጎማ ለመዝናኛ የተፈለሰፈ አይደለም።

ሌሎችም ነበሩ። ዊስኮንሲን፣ ሴይነር ውስጥ ካርል ኤሊያሰን በ1924 በጀልባ ሞተር የምትሄድ ስሌድ ሠርቷል። የእኛዋ ሚኒሶታም የራሷ ታሪክ አላት። ሮዞ በምትባል የድንበር ከተማ የእርሻ መሣሪያ የሚሠሩ ወጣቶች በ1950ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያውን መሣሪያቸውን ከያዙት ዕቃ ገጣጠሙት። ትራኩን ከእህል ማጓጓዣ፣ ስኪዎቹን ከሸቭሮሌት መኪና መከላከያ ብረት ነው ያወጡት። ያ ድርጅት ፖላሪስ ሆነ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤድጋር ሄቲን በ1960 ከጓደኞቹ ጋር አላስካን ከቤተል እስከ ፌርባንክስ በስኖውሞቢል አቋረጠ። ርቀቱ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ከፖላሪስ ወጣና በቲፍ ሪቨር ፎልስ ዛሬ አርክቲክ ካት የምንለውን መሠረተ። በ1968 ደግሞ የሚኒሶታው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ራልፍ ፕላይስተድ ከቡድኑ ጋር በስኪዱ ሰሜን ዋልታ ደረሰ። ቦታውን ያረጋገጠላቸው የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላን ነው።

ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። መሣሪያዎቹ የተወለዱት በትናንሽ ከተሞች ጋራዥ፣ በመዶሻና በብየዳ ነው። ስለዚህ የሚፈቱትም በተራ ቁልፍ ነው። ኮምፒዩተር የለ፣ ሴንሰር የለ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ የቮላኖ (በሞተሩ ጫፍ የሚሽከረከረው ከባድ ሳህን) መንቀያና ትዕግሥት ካላችሁ አብዛኛውን ሥራ ትጨርሱታላችሁ። ዛሬ የሚሸጠውን አዲስ መሣሪያ እኔ ጋራዤ ውስጥ እንዲህ ልበታትነው አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ በላይ አምራች ነበር። ጆን ዲር፣ ሃርሊ ዴቪድሰን፣ ኤቪንሩድ፣ ሜርኩሪ፣ ሱዙኪ፣ ካዋሳኪ ሁሉም ገብተውበት ነበር። ከዚያ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ በረዶ የማይጥልባቸው ክረምቶችም ተከተሉ። ገበያው ተናደና አብዛኛዎቹ ጠፉ። ያማሃ እንኳ ከ2025 ሞዴል በኋላ እንደሚወጣ በ2023 አስታውቋል። እንግዲህ የጠፋ ድርጅት ስኖውሞቢል የያዘ ሰው ዕቃ ከፋብሪካ አያዝም። ከሌላ አሮጌ ላይ ይነቅላል፣ ያስቀርጻል፣ ወይም በየዓመቱ መስከረም ሚኒሶታ በሚደረገው ሄይ ዴይስ ገበያ የዛገ ክምር ሲያገላብጥ ይውላል። እኔ ያን ክምር ማገላበጥ እወዳለሁ።

ወደ ሞተሩ ልግባ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ከፒስተኑ በታች ያለው ክፍል ዝም ብሎ የክራንክሻፍት፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ማደሪያ አይደለም። ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ከካርቡሬተሩ (አየርና ነዳጅ ከሚቀላቅለው ዕቃ) አየርና ነዳጅ ይስባል፤ ሲወርድ ያንኑ ጨምቆ በጎን መተላለፊያ ወደ ላይ ይገፋዋል። ፓምፕ ደግሞ መዝጋት አለበት። የሚዘጉት በክራንክሻፍቱ ሁለት ጫፍ ያሉ ሁለት የጎማ ሲሎች፣ ማሸጊያ ቀለበቶች፣ ናቸው። አንዱ ከቮላኖው ጀርባ፣ ሌላው የሞተሩን ኃይል ወደ ትራኩ ከሚያስተላልፈው ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ተደብቆ ይቀመጣል። ዋጋቸው ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ግን ሃምሳ ዓመት የቆየ ጎማ ከንፈሩ ይደርቃል፤ ክራንክሻፍቱን አጥብቆ መያዙን ይተዋል። ከዚያ ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ያላለፈ አየር ከጎን መሳብ ይጀምራል።

ይህ ምን ያመጣል? በዚህ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ነዳጁ ውስጥ ነው ያለው። ነዳጁ ይቃጠላል፣ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛልም። አየር ሲበዛ ማለስለሱም ማቀዝቀዙም አብረው ያንሳሉ። ፒስተኑ ይግላል፣ ይሰፋል፣ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ወይም አናቱ ቀልጦ ይበሳል። ከዚያ በፊት ግን የሚያሳስት ነገር አለ። ነዳጅ የጠማው ሞተር የታመመ አይመስልም። ጭሱ ይቀንሳል። ድምፁ ይጠራል። ነዳጅ ስትሰጡት ቶሎ ይዘላል፤ ከወትሮው የበለጠ የሚፈጥንም ይመስላል። ሰው "ዛሬ እንዴት ጥሩ ሆነች!" ብሎ ይደሰታል። ሞተሩ ያን ያህል የሚያምርበት ሊሞት ሲል ነው። ስለዚህ የድሮ ስኖውሞቢል ድንገት ካማረባት እኔ አልደሰትም። አቆምና እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላ እፈታለሁ።

ካንዴላው ያወራል። ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቷል፤ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። ነጭ ከሆነ፣ በተለይ ጫፉ ላይ ትናንሽ የአሉሚኒየም ነጠብጣቦች ከታዩ፣ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል። ሌላው ምልክት ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ነው። ነዳጁን ለቃችሁት ሞተሩ ቶሎ አልወርድም ካለ፣ ከፍ ብሎ እያጓራ ከቆየ፣ ካርቡሬተሩን መነካካት ተዉና ሲሉን ጠርጥሩ።

ጥርጣሬውን የሚያረጋግጥ ቀላል ዘዴ አለ። የካርቡሬተሩንና የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቀዳዳ በጎማና በብረት ሳህን ትደፍናላችሁ። በትንሽ የእጅ ፓምፕ 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል አየር ትሰጡታላችሁ። ከዚያ አይበልጥም፤ ብዙ ግፊት ደህናውን ሲል ያበላሻል። ግፊቱ ለደቂቃዎች ሳይወርድ ከቆየ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከወረደ የሳሙና ውኃ በብሩሽ እየቀባችሁ አረፋ የሚወጣበትን ትፈልጋላችሁ። ይህን ሥራ ማንም ሰው ትርዒት ላይ አያደንቅም፤ አይታይምና። ለእኔ ግን የድሮ ስኖውሞቢል እድሳት እዚህ ይጀምራል። ይህ ሳይሠራ ኮፈን መቀባት ለበሽተኛ ሙሽራ ልብስ ማልበስ ነው።

ሲሉን ፍለጋ ደግሞ አትፍሩ። ብዙ ሰው የፋብሪካው ስም ሲጠፋ ዕቃውም የጠፋ ይመስለዋል። ኩሽኔታ (ቢሪንግ)ና ሲል በመደበኛ ልክ ነው የሚሠሩት። የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት፤ ሦስቱን በካሊፐር ለክታችሁ ኩሽኔታ ሻጭ ዘንድ ሂዱ። ሲሉ ቤንዚንና ሙቀት የሚችል ጎማ መሆኑን ብቻ ጠይቁ።

ካርቡሬተሩም የጎማ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የተጠቀሙት ቲሎትሰን የሚባለውን ካርቡሬተር ነው። ኋላ የጃፓኑ ሚኩኒ ተካው። ቲሎትሰን እንደ መኪና ካርቡሬተር ተንሳፋፊ የለውም። ሁለት ስስ ሽፋኖች፣ ዲያፍራም የሚባሉ፣ ነዳጁን ይስባሉ፣ ይመጥናሉ። አንደኛው ፓምፕ ነው፤ ከሞተሩ ሆድ በሚመጣ የግፊት ምት ወዲያ ወዲህ እያለ ከሰርባቶዮው፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ነዳጅ ይጎትታል። ሁለተኛው የነዳጅ መግቢያዋን መርፌ እየከፈተ እየዘጋ ይመጥናል። ስለዚህ መሣሪያው ቢያዘነብል፣ ቢዘል፣ ነዳጁ አይቋረጥም። ብልህ አሠራር ነው። ግን ዲያፍራሙ አርጅቶ እንደ ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ምቱን መከተል ያቅተዋል። መሣሪያዋ ቀስ ስትል ደህና ትሄዳለች፤ ሜዳ ላይ ነዳጅ ሙሉ ሲሰጣት ትጠማለች። መልሰን እዚያው ጥም ደረስን። ሰው ቤንዚን እያፈሰሰ ካርቡሬተሩን ከውጭ ያጥባል፤ እኔ ያረጀ ዲያፍራም ማጠብ አላምንበትም። የማደሻ ስብስቡ ዛሬም ይሸጣል። ስትገጥሙ የዲያፍራሙንና የጓርኒሲዮኑን (በመሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ቅደም ተከተል በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ በሁለቱ በኩል አንድ ዓይነት አይደለም። የመርፌዋ ማንሻ ከፍታም ልኩ ላይ መሆን አለበት። ነዳጅ የሚመጥኑትን ብሎኖች ከመጽሐፉ ልክ ጀምሩ፤ ከዚያ በጥቂቱ፣ ሁልጊዜ ነዳጅ ከበዛበት በኩል ወደ ልኩ ኑ። ከጥሙ በኩል መጀመር ለፒስተኑ አደጋ ነው።

ብርዱም ራሱ ይጫወታል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው። በዜሮ ዲግሪ የተስተካከለ ሞተር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ሲሄድ በአንድ ትንፋሽ 12 በመቶ ገደማ የበለጠ አየር ያስገባል። ነዳጁ ግን ያው ነው። ስለዚህ በለዘብተኛ ቀን ያስተካከላችሁትን ሞተር በከባድ ብርድ እንደ ነበረ ይዛችሁ አትውጡ። ብሎኑን ትንሽ ክፈቱለት።

ነዳጁን በተመለከተ ሚኒሶታ አንድ መልካም ነገር አላት። በስቴቱ ሕግ መደበኛው ቤንዚን ኤታኖል ይቀላቀልበታል፤ ነገር ግን ለድሮ መኪኖች፣ ለጀልባ፣ ለስኖውሞቢልና ለትናንሽ ሞተሮች ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ኤታኖል ውኃ ይስባል፤ ለኤታኖል ያልተሠራ የድሮ ጎማና ሙጫም ይጎዳል። ዋጋው ቢወደድም የማስገባው ያለ ኤታኖሉን ነው። በዚህ አልከራከርም።

ዘይት ላይ ግን ክርክር አለ። ብዙ የ1960ዎቹ መጽሐፎች 20 ለ1 ይላሉ፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የዛሬ ዘይት ይሻላል ብለው 40 ለ1 ወይም 50 ለ1 የሚቀላቅሉ አሉ። እኔ ከ40 አልዘልም። "ብዙ ዘይት ሁልጊዜ ይጠቅማል" የሚለውም ልክ አይደለም። በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ዘይት ሲበዛ ነዳጁ ያንሳል፤ ያ ደግሞ ወደ ጥሙ ይወስዳል። ቅልቅሉን ስትቀይሩ ካርቡሬተሩንም እንደገና አስተካክሉ። ማንም ይህን አያነሣውም፤ ለዚህ ነው የማነሣው።

ፑንቲናው፣ የካንዴላውን እሳት እየከፈተ እየዘጋ የሚያስነሣው፣ ከቮላኖው ሥር ነው። ቮላኖውን በመዶሻ አትምቱ፤ መንቀያ አለው። የፑንቲናው ክፍተት እንደ ሞተሩ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ፊቱን አስተካክሎ በንጹሕ ወረቀት መጥረግ በቂ ነው። የእሳቱ ጊዜ የሚለካው በካንዴላው ቀዳዳ በሚገባ መለኪያ፣ ፒስተኑ አናት ላይ ከመድረሱ ስንት ሚሊ ሜትር ሲቀረው እንደሚፈነጥቅ በማየት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተነሥቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ኮንደንሰሩንና ኮይሉን እዩ፤ ሁለቱም የእሳቱ ዕቃዎች ናቸው። ቮላኖው ወጥቶ ሳለ ከጀርባው ያለውን ሲል ሳይቀይር መልሶ የሚገጥም ሰው አይገባኝም።

ፍሪሲዮኑና በሁለቱ ፍሪሲዮኖች መካከል የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሌላ ዓለም ናቸው። ስኖውሞቢል ማርሽ የላትም። ሞተሩ ሲፈጥን በፊተኛው ፍሪሲዮን ውስጥ ያሉ ክብደቶች ይበተናሉ፤ ሁለቱ ሳህኖች ተጠጋግተው ቺንጋውን ወደ ላይ ይገፉታል። የኋለኛው በተቃራኒው ይከፈታል። በዚህ መሃል ያለው ያው ጎማ ነው። የቺንጋው ወርድ ከልኩ ከጠበበ መሣሪያዋ ትደክማለች። ሁለቱ ፍሪሲዮኖች በአንድ መስመር ካልቆሙ አዲስ ቺንጋ በአጭር ጊዜ ይበላል። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ሲበሰብሱ ደግሞ ሞተሩ ይዘምና መስመሩ ይፈርሳል። ሰው ቺንጋ ይለውጣል፣ ይለውጣል፤ ጥፋተኛው ሥር ያለው ነው። ሳህኖቹ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ እንዳይነካ። የፍሪሲዮኑን መከላከያ አውልቃችሁም ሞተር አታስነሡ። ቺንጋ ሲበጠስ ወይም ፍሪሲዮን ሲፈነዳ ያ ቆርቆሮ በእግራችሁና በብረቱ መካከል ያለ ብቸኛው ነገር ነው።

ትራኩን ማስተካከል የምወደው ሥራ ነው። የኋላውን ከፍ አድርጌ በማቆሚያ ላይ አሳርፋለሁ። የኋላ አክስሉን ግራና ቀኝ ብሎን እያጠበቅሁ፣ ትራኩ ቀስ ብሎ ሲዞር በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን አያለሁ። በኦሊምፒክ ዓይነቶቹ ከሥር ያሉት በሞላ የሚገፉ ትናንሽ ጎማዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ኩሽኔታ አለው፤ እያንዳንዱ በእጅ መሽከርከር አለበት። ኋላ የመጡት በፕላስቲክ ሐዲድ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ሐዲዱን የሚያለሰልሰው በረዶው ራሱ ነው። ስለዚህ በረዶ በሌለበት አስፋልት ላይ ብዙ መንዳት ሐዲዱን ያቀልጠዋል። አንድ ነገር አደራ፤ ትራክ እየዞረ ከኋላው ማንም እንዳይቆም። ልጅማ ጭራሽ። የተነቀለ ብረት እንደ ጥይት ይወጣል። ከማስነሣታችሁ በፊትም የነዳጅ መስጫው በራሱ መመለሱን፣ ማጥፊያው መሥራቱን ፈትሹ። ገመዱ ውስጥ ውኃ ገብቶ ከቀዘቀዘ ነዳጁ እንደተሰጠ ይቀራል።

ብዙ ሰው እነዚህን መሣሪያዎች የሚገድላቸው ክረምቱ ይመስለዋል። እኔ ከፈታኋቸው ያየሁት ሌላ ነው። የሚገድላቸው በጋው ነው። በረዶ ሲያልቅ ነዳጁ እንዳለ ጥግ ይገፉና ይረሳሉ። ቤንዚኑ ሙጫ ይሆናል። እርጥበት ክራንክሻፍቱ ኩሽኔታ ላይ ዝገት ይተክላል። ትራኩ መሬት ነክቶ በአንድ ቦታ ተጨፍልቆ ይከርማል። አይጥ ሲሊንደሩን በሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ሽፋን ውስጥ ጎጆ ትሠራለች፤ ባለቤቱ በኅዳር ሳያይ አስነሥቶ ሞተሩን ያቃጥላል። ስለዚህ በረዶው እንደሄደ ሰርባቶዮውን አደርቃለሁ፤ ካርቡሬተሩንም ጭምር። ሞተሩ ውስጥ የማከማቻ ዘይት እረጫለሁ፤ ገመዱን ቀስ ብዬ ሳብ አደርጋለሁ። ቺንጋውን አውልቄ ጠፍጣፋ ቦታ አኖራለሁ። ኋላዋን ከመሬት አነሣለሁ። ግራሶ መስጫዎቹን ሁሉ እሞላለሁ፤ አሮጌው ከነውኃው ተገፍቶ እስኪወጣ። የአየር መግቢያውንና የማርሚታውን ጫፍ በጨርቅ እደፍናለሁ፤ ጨርቁ ላይም ቀይ ሪባን አስራለሁ፤ በኅዳር እንዳይረሳ።

ስለ ቀለምም ልበል። ቫልኩር በቦምባርዲየር ስም የቆመ ሙዚየም አለ። ዊስኮንሲን፣ ሴንት ጀርሜይን ውስጥም የስኖውሞቢል የክብር አዳራሽ አለ። እዚያ ያሉት ማብረቅረቅ አለባቸው፤ ሥራቸው መታየት ነውና። እዚያው ዊስኮንሲን፣ በኢግል ሪቨር የድሮዎቹ ውድድር ላይ የሚሮጡትንም አከብራለሁ። የራሴን ግን አልቀባትም። ኮፈኗ የተሰነጠቀበትን በፋይበርና በሬዚን ከውስጥ ጠግኛለሁ፤ ከውጭ የፋብሪካው ቢጫ ደብዝዞም ቢሆን እንዳለ ነው። ቀለም በማንኛውም ጊዜ መቀባት ይቻላል። የመጀመሪያው ቀለም ግን አንዴ ከተፋቀ አለቀ። ለቀለም የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ሁለት ሲል፣ አንድ ቺንጋ፣ የዲያፍራም ስብስብና የነዳጅ ቱቦ ይገዛል። ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ በዚያ ቅደም ተከተል ጀምር እለዋለሁ። ብዙዎቹ ግን በቀለሙ ይጀምራሉ።

አሁን የሚያሳስበኝ ትራኩ ነው። ሲል አገኛለሁ፣ ዲያፍራም አገኛለሁ፣ ቺንጋም ይገኛል። ትራክ ግን በልክ ይለያያል፤ ወርዱ፣ ርዝመቱ፣ የጥርሱ ርቀት። ለጠፉት ምርቶች አዲስ የሚሠራላቸው ብዙ የለም። እኔ በማየው ሁሉ ገበሬው የድሮውን መሣሪያ ለብረታ ብረት ሲሸጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ትራኩን ቆርጦ መጣል ነው፤ ጎማ ስለሆነ ገዢው አይቀበለውምና። አንዳንዱ ደግሞ ቆርጦ በር ላይ ምንጣፍ ያደርገዋል። እባካችሁ አትቁረጡት። ጠርዙ ያልተቀደደ፣ የውስጥ ብረቶቹ ያልተሰበሩ ትራክ ካላችሁ ፈታችሁ አውጡት። ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ ሳታጥፉ፣ በጎኑ አስተኝታችሁ አኑሩት። ከላዩ ምንም አትጫኑበት። ወርዱንና የጥርሱን ርቀት ለክታችሁ በኖራ ጻፉበትና በአካባቢያችሁ የድሮ ስኖውሞቢል የሚጠግን ሰው ካለ ንገሩት። ከሩቅም ቢሆን መኪና ይዞ ይመጣል። እኔም እመጣለሁ።